«ኮፊ» የሚለው ቃል ከከፋ አልመጣም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራምና በፌስቡክ ሰዎች ሲቀባበሉት ሰንብቷል። «ኮፊ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከየት እንደመጣ የሚናገር ነው። ለእኔም ወዳጆቼ እየደጋገሙ ልከውልኛል። አጻጻፉ ይጥማል፤ የአገር ፍቅሩም ከየመስመሩ ይታያል። ነገር ግን ከሚለው ውስጥ አብዛኛው ትክክል አይደለም። ነገሩ የቡና ጉዳይ ስለሆነ ደግሞ አይቼ ማለፍ አልሆነልኝም።

መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ላስቀምጥ። ያላሉትን ብለዋል ብዬ መሟገት አልፈልግም። ጸሐፊው እንደሚሉት «ኮፊ» በቀጥታ ከከፋ ስም የተወሰደ ነው፤ ሁለቱን ቃላት አጠጋግቶ ለሰማ ሰው ሌላ ማስረጃ አያሻውም። ዐረቦች «ቀህዋ» የሚሉትም ይህንኑ «ከፋ»ን አጣምመው ነው። ካልዲ የተባለ የፍየል እረኛ በ850 ዓ.ም. ከፋ ጫካ ውስጥ ቡናን ሲያገኝ ፍሬው በአገሩ ስም ተጠራ። ቃሉ ከመነሻው እስከ ዛሬ ትርጉሙ አንድ ነው፤ «ካፌ»ም፣ «ካፍቴሪያ»ም፣ «ካፌይን»ም የከፋን ስም ተሸክመው ዓለምን ይዞራሉ። ተክሉ በሳይንስ ስሙ «አረቢካ» መባሉ ደግሞ የስርቆቱ ማረጋገጫ ነው። መዝጊያቸው ጠንከር ይላል፦ ይህን የማይቀበል ሰው የቡናን ኢትዮጵያዊነት ክዷል።

የምንስማማበትን ላስቀድም። የአረቢካ ቡና ዋናው የዱር መገኛ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። ከፋ ውስጥ ዛሬም ቡና ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ዩኔስኮ የከፋን ደን በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት መዝግቦታል (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ቦንጋ ላይ መሠራቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን ሁሉ ጸሐፊው ሲሉ አብሬያቸው ነኝ። ሌላም ልጨምርላቸው። የከፋን ነገር ከራሳቸው አላመጡትም። ቃሉ «ምናልባት» ከከፋ ሊሆን ይችላል የሚሉ መዝገበ ቃላት አሉ። ጽሑፉ ውስጥ ግን ያቺ «ምናልባት» የለችም። ግምቱ እርግጠኛ እውነት ሆኖ ቀርቧል።

አሁን ወደ ድምፁ እንግባ። ሁለት ቃላት ስለተመሳሰሉ ብቻ ዘመዳሞች አይሆኑም። በፋርስኛ «ባድ» ማለት መጥፎ ማለት ነው። በእንግሊዝኛም «ባድ» መጥፎ ነው። ድምፁም ትርጉሙም አንድ ሆኖ ሳለ ሁለቱ ቃላት አንዱ ከሌላው አልመጡም። አጋጣሚ ነው።

ከቡናው ሳንርቅ ሌላ ምሳሌ ልስጥ። ጥቁር ባሕር ዳር፣ ክሪሚያ ውስጥ፣ «ካፋ» የምትባል ታዋቂ ወደብ ነበረች። የጄኖዋ ነጋዴዎች ከተማ ነበረች። በ1475 የኦቶማን ቱርኮች ያዟትና «ኬፌ» ብለው ጠሯት። ቡና መጠጣትን ለአውሮፓ ካስተዋወቁት ዋናዎቹ ደግሞ እነዚሁ ኦቶማኖች ናቸው። እንግዲህ የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ከበቃ የክሪሚያዋ ካፋ ከእኛዋ ከፋ የተሻለ ክርክር አላት። ድምፁ ገጥሟል፤ ቦታዋም ቡና ጠጪዎቹ ደጃፍ ላይ ነው። ሆኖም «ኮፊ ከክሪሚያ መጣ» ብንል እንሳሳታለን። የጸሐፊው መንገድ ወደ ከፋ ብቻ ሳይሆን ወደ የትም ይወስዳል ማለት ነው።

ቃሉ የመጣበት መንገድ ደግሞ በጽሑፍ ተመዝግቧል። በ1598 የአንድ ሆላንዳዊ ተጓዥ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታተመ። እዚያ ውስጥ መጠጡ የተጻፈው «ካኡዋ» ተብሎ በሚነበብ መልኩ ነው። ልብ በሉ፣ «ፈ» የሚባል ድምፅ የለበትም። በቀጣዩ መቶ ዓመት እንግሊዞች ቃሉን በየፊናቸው ጻፉት። «ካህቬ» የሚል አለ፣ «ኮፋ» የሚል አለ። የዛሬው «ኮፊ» የረጋው ቀስ ብሎ ነው። መስመሩ ሲታይ ዐረብኛው «ቀህዋ» ቱርክኛ ሲደርስ «ካህቬ» ሆነ፤ «ወ»ው ወደ «ቭ» ዞረ። ጣልያንኛ ሲደርስ «ካፌ»፣ ሆላንድኛ ሲደርስ «ኮፊ» ሆነ፤ «ቭ»ው ወደ «ፍ» ዞረ።

እንግዲህ ጸሐፊው «ይኸው ተመሳሰለ» ያሉት «ፈ» የተወለደው መጨረሻ ላይ፣ አውሮፓ ውስጥ ነው። ቃሉ በእርግጥ ከከፋ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር ከከፋ ጋር እየተቀራረበ መምጣት ነበረበት። የሆነው ተቃራኒው ነው። ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር ይርቃል። ለእኔ ይህ አንድ ነጥብ ብቻውን ክርክሩን ይጨርሰዋል።

«ዐረቦቹ አጣምመውት እንጂ» ለሚለውም ከዚሁ ቀጥዬ ልመልስ። አንድ ሕዝብ የባዕድ ስም የሚያጣምመው ብዙ ጊዜ ድምፁ በቋንቋው ከሌለ ነው። ዐረብኛ ግን «ከ»ም «ፈ»ም አለው። «ከፋ»ን እንዳለ መጥራት ለዐረብ ምንም አይቸግረውም። «ቀህዋ» ውስጥ ያሉት ተነባቢዎች ቀ፣ ሀ እና ወ ናቸው። «ከፋ» ውስጥ ያሉት ከ እና ፈ ናቸው። አንድም የጋራ የላቸውም። «ቀ»ና «ከ» ያው ናቸው የሚል ካለ አማርኛ ተናጋሪን ይጠይቅ። ንብ ስትቀስምና አበባ ሲከስም አንድ ነገር አይደለም። ዐረቦችም ሁለቱን እንደኛው ይለያሉ።

ትልቁ ነገር ግን «ቀህዋ» ከቡናው በፊት የነበረ ቃል መሆኑ ነው። በጥንቱ የዐረብ ግጥም ውስጥ «ቀህዋ» የወይን ጠጅ ነው። የዐረብኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ስሙን ሲያብራሩ የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ ነው ይላሉ። ቡና በየመን ሱፊዎች፣ ማለትም በእስልምና መናንያን ዘንድ መጠጣት እንደጀመረ በደንብ የሚታወቀው በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው። ሌሊት ለዝክር፣ የፈጣሪን ስም እየደጋገሙ ለሚያደርጉት ጸሎት ሲቆሙ እንቅልፍ እንዳያሸንፋቸው ይጠጡት ነበር። አዲሱ መጠጥም የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ሰውን ያነቃቃል። የድሮው ስም ተሰጠው። አሮጌ ቃል አዲስ ነገር ላይ ማረፍ በየትኛውም ቋንቋ ያለ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። የየመን ሰዎች «ቀህዋ» የሚሉት ፍሬውን አልነበረም። ቅጠሉንም ዛፉንም አልነበረም። የተፈላውን መጠጥ ነበር። እንዲያውም ከአንድ በላይ ቀህዋ ነበር። ከፍሬው የሚፈላው «አል-ቀህዋ አል-ቡኒያ» ይባል ነበር፤ የቡን ቀህዋ ማለት ነው። ከገለባው የሚፈላው «አል-ቀህዋ አል-ቂሽሪያ» ይባል ነበር፤ የገለባ ቀህዋ ማለት ነው። ከጫት ቅጠል የሚፈላ ቀህዋም እንደነበረ ተጽፏል። «ቀህዋ» የከፋ ስም ከሆነ የጫቱ መጠጥ ለምን በከፋ ስም ይጠራል? «ከፋ» የሚለው የቦታ ስም ገለባን ከፍሬ ለመለየት እንዴት ሊያገለግል ይችላል? መልስ የለውም።

አሁን የመጀመሪያውን ስም እንደገና አንብቡት። አል-ቀህዋ አል-ቡኒያ። ውስጡ ያለውን ሰማችሁት? ቡን። በዐረብኛ የፍሬው ስም ዛሬም «ቡን» ነው። ሰንዓ ገበያ ገብታችሁ ያልተፈላ ቡና ብትፈልጉ የምትጠይቁት «ቡን» ብላችሁ ነው። ቤሩትም፣ ካይሮም ያለው ቡና ቆዪ መደብሩ በር ላይ የሚጽፈው «ቡን» የሚለውን ነው። ባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትሠሩ እህቶቼና ወንድሞቼ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ቡናው ከረጢት ውስጥ ሳለ አንድ ስም አለው፣ ስኒ ውስጥ ሲገባ ሌላ ስም አለው።

ወደ እኛ እንመለስ። አማርኛው ቡና ነው። ትግርኛው ቡን ነው። ኦሮምኛው ቡና ነው። ከፋዎቹ ራሳቸውስ ምን ይሉታል? ቡኖ። የዛፉ አገር ሰዎች፣ ዛፉን ከማንም በፊት ያወቁት ሰዎች፣ «ከፋ» ብለው ጠርተውት አያውቁም። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የከፋን ግምት ሲያነሣ ማስረጃ የለውም ካለ በኋላ የሚጠቅሰው ምክንያት ይኸው ነው፤ ዐረቦች ፍሬውን «ቡን» ይሉታል፣ ሸዋም ውስጥ ስሙ «ቡን» ነው ይላል። የእኛ ቃል በእንግሊዝኛው ትልቁ መዝገብ ውስጥ በቦታው ተቀምጦ ሳለ ጽሑፉ መዝገቡ የማይቀበለውን ሌላ ቃል ሊሰጠን ይታገላል።

ከዐረብኛው ምንጭም ልጥቀስ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መካ ይኖር የነበረው የሃይማኖት ሊቅ ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ ስለዚህ መጠጥ ጽፏል። መጠጡ ከቡን እንደሚሠራ፣ ቡን ከዘይላ አካባቢ የመጣ ዛፍ እንደሆነ፣ መጠጡም ቀህዋ እንደሚባል ይናገራል። በዚያው ዘመን አል-ጀዚሪ የተባለው ጸሐፊ ደግሞ አል-ዘብሃኒ ስለተባለ የየመኗ ወደብ የኤደን ሰው ይተርካል። ሰውዬው ባሕር ተሻግሮ ወደ አፍሪካው ዳርቻ ሄዶ እዚያ ሰዎች ይህን ሲጠቀሙ አይቶ ነው ወደ አገሩ ያስገባው ይላል። ዘይላ የሐረርና የውስጡ አገር ንግድ መውጫ ነበረች። ዛፉም፣ ፍሬውም፣ የፍሬው ስምም ከእኛ ወገን ወደ ማዶ እንደሄዱ የሚያሳይ ነገር ከተፈለገ ይኸው። ብዙ አጥኚዎች ዐረብኛው «ቡን» ከእኛ አካባቢ የሄደ ነው ብለው የሚያስቡትም ለዚህ ነው። እኔም ይህ በጣም የሚያስኬድ ይመስለኛል።

በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ነገር አፍሪካ ቀንድ ውስጥም ይታያል። ሶማሊኛ ሁለቱንም ይዟል፤ ፍሬው «ቡን»፣ መጠጡ «ቀሕዎ»። ጉራጌ ቤት ሄዳችሁ ቡና ሲቀርብላችሁ ደግሞ «ቃዋ» ሲባል ትሰማላችሁ። ያ ዐረብኛው ቃል ነው፤ በንግድና በሃይማኖት መንገድ ተመልሶ ገብቷል። ቃል ሲሄድ ሲመለስ ኖሯል። ቡና ስናፈላ ሦስተኛውን ስኒ «በረካ» የምንለውም ከዐረብኛ ነው፤ በረከት ማለት ነው። አቦልና ቶናን ጠጥቶ በረካ ላይ ሲደርስ የተሰረቀ የሚመስለው ማንም የለም። ጎረቤት ከጎረቤት ይዋሳል። ዐረቦች ቡንን ከእኛ ወስደው ቢሆን ስርቆት አይደለም፤ ቀህዋን በራሳቸው ቃል ቢጠሩትም ስርቆት አይደለም።

የካልዲን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ተረቱ ደስ ይላል፤ ለልጆቼም እነግራቸዋለሁ። ማስረጃ ግን አይሆንም። እስከ ዛሬ ከሚታወቁት የጽሑፍ ቅጂዎች የመጀመሪያው በ1671 ሮም ውስጥ የታተመው ነው። የጻፈው ፋውስቶ ናይሮን የተባለ የሊባኖስ ማሮናዊ ምሁር ነው። እዚያ ውስጥ እረኛው ስም የለውም። የሚጠብቀውም ግመል ነው ወይም ፍየል ነው ይባላል። ቦታው ደግሞ የመን ነው። «ካልዲ» የሚለው ስም የተጨመረው በጣም ቆይቶ ነው። 850 የሚለው ዓመትም የዘመኑ ሰነድ የለውም። ናይሮን ከዚያ ዘመን ስምንት መቶ ዓመት ርቆ የጻፈ ሰው ነው። ከፋን ያላነሣ ተረት ስለ ከፋ ስም ምስክር ሊሆን አይችልም።

«ትርጉሙ ከመነሻው አንድ ነው» የሚለውን ግን በአጭሩ ልለፈው አልችልም። ስለዚህ ቃል ከሚባሉት ነገሮች ሁሉ ከእውነቱ በጣም የሚርቀው ይህ ነው። ቀህዋ የወይን ጠጅ ነበር። ከዚያ የተፈላ ቅጠል፣ ገለባና ፍሬ መጠጥ ሆነ። ከዚያ መጠጡ የሚጠጣበት ቤት ሆነ፤ ዛሬ ካይሮ ውስጥ «አህዋ» ሲሉ ቡናውንም፣ ሰው ተሰብስቦ ዶሚኖ የሚጫወትበትን ቤትም ማለታቸው ነው። ፈረንሳይኛም እንዲሁ አደረገ፤ «ካፌ» መጠጡም ነው ቤቱም ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ አንዱን ቃል ሁለቴ ወሰደው። መጀመሪያ መጠጡን «ኮፊ» አለው። ቆይቶ ፈረንሳይኛውን ተውሶ ቤቱን «ካፌ» አለው። ለእንግሊዝ ካፌ ቡናም፣ እንቁላልም፣ ሳንድዊችም የሚቀርብበት ቤት ነው። «ካፍቴሪያ» ከላቲን አሜሪካው ስፓንኛ የመጣ ነው። መጀመሪያ ቡና የሚሸጥበት ቤት ነበር፤ አሜሪካ ሲደርስ ሰው ራሱ ትሪ ይዞ ተሰልፎ የሚመገብበት ቤት ሆነ።

እንግሊዝ አገር ውስጥ ቃሉ ያለፈበት መንገድ ደግሞ ለብቻው የሚገርም ነው። ኦክስፎርድ ላይ የመጀመሪያው ቡና ቤት የተከፈተው በ1650 ነው ይባላል። ለንደን ውስጥ በ1652 ፓስኳ ሮዜ የተባለ ሰው በሴንት ማይክል መተላለፊያ ከፈተ። ጥቂት አሥርተ ዓመታት ሳይሞሉ የለንደን ሰው «ኮፊ ሃውስ» ሲል ጋዜጣ የሚነበብበት፣ የመርከብ ወሬ የሚሰማበት፣ ንጉሡ የሚታማበት ቦታ ማለቱ ነበር። ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ በ1675 መጨረሻ ቡና ቤቶች እንዲዘጉ አዋጅ አወጣ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ አዋጁ ሥራ ላይ ሳይውል ተሻረ። ዛሬ በዓለም የታወቀው የሎይድስ ኢንሹራንስ ገበያም የተነሣው ከኤድዋርድ ሎይድ ቡና ቤት ነው። ነጋዴና የመርከብ ባለቤት ስኒ ይዞ እየተቀመጠ ውል የሚዋዋልበት ቤት ነበር። ታዲያ ትርጉሙ እንዴት አንድ ሆኖ ቆየ ይባላል?

የዛሬውን እንግሊዝኛ ተመልከቱ። «ኮፊ» መጠጡ ነው። ፍሬውና ዱቄቱም ነው። ተክሉም ነው። አንድ ስኒም ነው፤ አስተናጋጅን «ሁለት ኮፊ» ይሉታል። ቀለምም ነው። ቀጠሮም ነው፤ አንድ አሜሪካዊ «ኮፊ እንጠጣ» ሲላችሁ ብዙ ጊዜ የፈለገው ሊያወራችሁ ነው፤ ከዚያ ሻይ ቢያዝም ቃሉን አጠፈ አይባልም። አሜሪካኖች ቡናን «ጃቫ» ብለው የሚጠሩትም አለ፤ ሆላንዶች ቡና ከተከሉበት ደሴት ስም የመጣ ነው። «ሞካ» የየመን ወደብ ስም ነበር። ኋላ የቡና ዓይነት ስም ሆነ፤ ዛሬ ቸኮሌት የተጨመረበት ቡና ነው። ኔዘርላንድ ያላችሁ ደግሞ «ኮፊሾፕ» እዚያ የካናቢስ መሸጫ እንደሆነ ታውቃላችሁ። አዲስ የመጣ ዘመድ ሲገባበት ስንት ጊዜ ከበር መልሳችሁ ይሆናል።

ሩቅ ሳንሄድ የእኛውን «ቡና ቤት» ብንወስድስ? «እገሌ ቡና ቤት አመሸ» ከተባለ ስኒ ሲገለብጥ አመሸ ማለት አይደለም። ቢራ ወይም ድራፍት ሲጠጣ ነው ያመሸው። ዐረቦች የጠጅን ስም ለቡና ሰጡ፤ እኛ ደግሞ የቡናን ስም ለመጠጥ ቤት ሰጠን። «ቡና አጣጭ» ስንል የሚያዋራን፣ ገመናችንን የሚያውቅ ጎረቤት ማለታችን ነው። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ የተበተኑባት ሴት «ቡና አጣጭ አጣሁ» ስትል ስለ መጠጥ እያወራች አይደለም። የአንድ ቃል ትርጉም እንዲህ የሚሰፋው ሰው ስለሚኖርበት ነው። ጸሐፊው ይህን ትተው ቃሉን አንድ ቦታ ላይ ሲቸነክሩት ያሳዝነኛል፤ ከጽሑፋቸው የጠፋው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል።

«ካፌይን»ን በተመለከተ ነገሩ ቀላል ነው። ንጥረ ነገሩን በ1819 ከቡና ፍሬ ለይቶ ያወጣው ሩንገ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ነው። ስሙ የወጣው ከአውሮፓውያኑ የቡና ስም ነው። ቃሉ በመጨረሻ «ቀህዋ» ላይ ያርፋል እንጂ ከፋ ላይ አይደርስም።

በ«አረቢካ» ጉዳይ ጸሐፊው ከፊል እውነት ይዘዋል። ስዊድናዊው የእጽዋት ሊቅ ሊኔየስ በ1753 ተክሉን «ኮፊያ አረቢካ» ሲለው መገኛው ዐረብ አገር ነው ብሎ አምኖ ነበር። ያ ስህተት ነው፤ ስህተቱም በስሙ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያይ ቢከፋው እረዳዋለሁ፤ እኔንም ይከፋኛል። ስርቆት ለማለት ግን ሊኔየስ እውነቱን አውቆ መደበቅ ነበረበት። እሱ ያየው ተክል አውሮፓ የደረሰው በዙሪያ ጥምጥም ነው። ከየመን የወጣው ተክል ጃቫ ላይ ተተከለ። ከጃቫ በ1706 አምስተርዳም ገባ። ከአምስተርዳም አንዱ ችግኝ በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ተሰጠ። በዚህ መንገድ ላይ ኢትዮጵያን ያየ ሰው አልነበረም። ከሊኔየስ በፊት የነበረው ፈረንሳዊ የእጽዋት ሊቅማ ጭራሹን የዐረብ ጃስሚን ብሎት ነበር፤ አበባው ነጭና ሽታው ደስ የሚል ስለሆነ ከጃስሚን አስጠግቶት ነው። የተሳሳተውን ስም መተቸት መብታችን ነው። ለመተቸት ግን ሌላ የተሳሳተ ነገር ማስገባት አያስፈልግም።

የቀረው የመጨረሻው ነው፤ ይህን የማይቀበል የቡናን ኢትዮጵያዊነት ክዷል የሚለው። ይህ አባባል ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ያደባልቃል። ዛፉ ከየት መጣ የሚለው የእጽዋት ጥናት ጥያቄ ነው። መልሱም በደኑ ውስጥ፣ በዱር ቡናው ዘር ልዩነት ውስጥ አለ። «ኮፊ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከየት መጣ የሚለው የቋንቋ ጥያቄ ነው። መልሱ በመጻሕፍት ውስጥ አለ። የድንች ተክል አገሩ የአንዲስ ተራሮች ናቸው። እኛ «ድንች» ስንለው ከፔሩ ሰዎች ቋንቋ ስላልወሰድነው ድንቹ የፔሩ መሆኑ አልቀረም። ቡናም «ኮፊ» ስለተባለ ከእኛ አልሄደም፤ «ኮፊ» የከፋ ቃል ቢሆን ኖሮም የእኛነቱ አንዲት ነጥብ አይጨምርም ነበር።

ደካማ ማስረጃ ጠንካራውን ይጎዳል፤ የምፈራው ይህንን ነው። አንድ ውጭ አገር ያደገ ልጅ ክፍል ውስጥ ተነሥቶ «ቡና የኢትዮጵያ ነው፣ ምክንያቱም ኮፊ ከከፋ መጣ» ቢል መምህሩ መዝገበ ቃላት ገልጦ ያርመዋል። ልጁ ሲቀመጥ የቃሉ ብቻ ሳይሆን የዛፉም ነገር የተረታ ይመስለዋል። ደኑን ይዞ፣ የዘር ጥናቱን ይዞ፣ ከዘይላ የሄደውን ቡን ይዞ ቢነሣ ግን የሚያርመው አይኖርም።

ስም ላይ መሟገት ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ። ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋርም ብዙ ተባለ፤ በመጨረሻ በ2007 ስምምነት ላይ ተደረሰ። ያ ክርክር የተካሄደው በእርግጥ የእኛ በሆኑ ስሞች ላይ ነበር። ቦታው አለ፣ ገበሬው አለ፣ ቡናው በዚያ ስም ይሸጣል። በዚያ ዓይነት ስም ላይ ጸሐፊው ቢጽፉ ብዕራቸው የት ሊደርስ እንደሚችል አስባለሁ።

ጽሑፋቸውን የሚያሻሽሉ ከሆነ አንድ ነገር ልጠይቃቸው። የድምፁን አንቀጽ ያውጡትና በምትኩ የ«ቡን»ን ጉዞ ያስገቡልን። ከደኑ ወደ ሐረር፣ ከሐረር ወደ ዘይላ፣ ከዘይላ ወደ ኤደን፣ ቃሉ ከፍሬው ጋር አብሮ እንዴት እንደተሻገረ። ያንን ሲጽፉ ተቀብዬ ለወዳጆቼ ሁሉ እልከዋለሁ።